የወርቅ ስቶፕ ዋች ትውልዱ የት ነው? ከቀፎው እስከ ማሽኑ

አዳማ ውስጥ ከአያት ሣጥን የወጣ የወርቅ ሰዓት ለሽያጭ ሲታሰብ ቶሎ የሚሄደው ወደ ወርቅ ቤት ሚዛን ነው። በግራም ተገምቶ ከቀለጠ የወርቁን ጥራትና አገሩን የሚናገረው ማኅተሙም ቁጥሩም አብሮት ይጠፋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከሚዛኑ በፊት የሚሠራ ነው። አዳማ የጅቡቲ ባቡር የሚያልፍባት፣ ጎረቤቷ ወንጂ ላይም የሆላንድ ኩባንያ የስኳር ፋብሪካ የተከለባት ከተማ ናትና የፈረንሳይ፣ የስዊስ፣ የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ ሰዓት እዚህ ቢገኝ አይደንቅም።

መጀመሪያ የያዙትን ይለዩ። የሰዓትና የደቂቃ ቆጣሪ ኖሮት በተጨማሪ የሚነሣና የሚቆም ረጅም የሰከንድ ቆጣሪ ካለው ክሮኖግራፍ ነው። በወርቅ የሚገኘው አብዛኛው ይኸኛው ነው። ሰዓት የማይናገር፣ ጊዜ ብቻ የሚለካ ስቶፕ ዋች በብዛት የሚሠራው በኒኬልና በሌላ ርካሽ ብረት ስለነበር ድፍን ወርቅ ሆኖ ከተገኘ እውነትም ብርቅ ነው።

ሲከፍቱ ቢላዋ አይንኩ። ባለ ማጠፊያ ቀፎ (ማሽኑን የያዘው የውጪ አካል) ጠርዙ ላይ ጥፍር የምታስገባ ትንሽ ከንፈር አለችው፤ በአውራ ጣት ጥፍር ይነሣል። ከንፈርም ማጠፊያም ካላዩ እየዞረ የሚፈታ ነው። ብዙ የአሜሪካ ቀፎ እንዲህ ስለሆነ በላስቲክ ጓንት ጨብጠው ወደ ግራ ያዙሩት። ይህን ዓይነቱን በቢላዋ የሚፈለቅቅ ሰው የክዳኑን መጠምዘዣ ጥርስ ያበላሻል፣ ከዚያ ወዲያ ክዳኑ አይገጥምም።

አሁን አሥር ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ይያዙና የክዳኑን ውስጥ በጎን ብርሃን ይመልከቱ። የሴት ራስ ካለ የስዊስ 18 ካራት ነው፤ ሽኮኮ (ጅራቷ የቆመ) ካለች የስዊስ 14 ካራት። ሁለቱም በ1880 በወጣው የስዊስ ሕግ የመጡና እስከ 1995 የሠሩ ማኅተሞች ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከ1995 ወዲህ የመጣው የውሻ ራስ ነው፤ ስለዚህ «የመቶ ዓመት ሰዓት» ተብሎ የመጣ ቀፎ ላይ የውሻ ራስ ካዩ ቀፎው አዲስ ነው። የንስር ራስ የፈረንሳይ 18 ካራት ሲሆን ጉጉት ደግሞ ከ1893 ጀምሮ ከውጭ ወደ ፈረንሳይ ገብቶ ለተፈተነ ዕቃ የሚመታ ነው። ጉጉትና የስዊስ ሴት ራስ አብረው ካሉ ሰዓቱ ስዊስ ተሠርቶ በፈረንሳይ ገበያ አልፏል ማለት ነው። ዘውድና 18 ቁጥር የእንግሊዝ ነው፤ አጠገቡ ያለችው አንዲት ፊደል ዓመቱን ትናገራለች፣ የነብር ራስ ለንደንን፣ መልሕቅ በርሚንግሃምን ይጠቁማል። 56 ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል፤ የድሮ የሩሲያ መለኪያ ሲሆን 583፣ ማለትም 14 ካራት ነው።

ማኅተሙ በውጪው ክዳን ብቻ ሳይሆን በውስጠኛውም ላይ ይፈለጋል። ውስጠኛው ላይ «ኪዩቭር» (CUIVRE) የሚል የፈረንሳይኛ ቃል ከተጻፈ ያ ክዳን መዳብ ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ ሠሪው ራሱ በግልጽ የጻፈው ነው፤ ግን ሰዓቱን እንዳለ መዝኖ በ18 ካራት ዋጋ ማስላት ትልቅ ስሕተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ማሽኑ ናስና ብረት፣ ፊቱ መስተዋት ነውና። የክዳኖቹ ቁጥርም መመሳሰል አለበት። ካልተመሳሰለ አንዱ ከሌላ ሰዓት የመጣ ነው። በእንግሊዝኛ «20 ዓመት» ወይም «25 ዓመት» ዋስትና የሚል ካለበት ደግሞ ድፍን ወርቅ ሳይሆን በናስ ላይ የወርቅ ንጣፍ የለበሰ የአሜሪካ ቀፎ ነው። ንጣፉ መጀመሪያ የሚያልቀው በቀለበቱ ሥር፣ በማጠፊያውና በመሙያው አካባቢ ስለሆነ ቢጫው ተገፎ ቀላ ያለ ብረት የሚታይ ከሆነ እዚያ ይፈልጉት።

ማግኔት ብቻውን አይፈርድም። ናስም እንደ ወርቅ ማግኔት አይስበውም፤ በአንጻሩ ድፍን የወርቅ ቀፎ ክዳን የሚያስፈነጥር የብረት ሞላ በውስጡ ስላለ በአንድ ቦታ ሊሳብ ይችላል። አሲድም ከውጪ ጠርዝ ላይ አያስነኩ፤ ጠባሳው አይጠፋም። የተሻለው የውኃ መለኪያ ነው፤ ግን ሰዓት ሠሪ ማሽኑንና መስተዋቱን ካወጣ በኋላ ባዶው ቀፎ ብቻ ነው የሚገባው። ቀፎውን በደረቁ ይመዝኑ፤ ከዚያ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አድርገው ወደ ዜሮ ይመልሱትና ቀፎውን በክር አንጠልጥለው፣ ታቹን ሳይነካ ያጥልቁት። 30 ግራም የሚመዝን ቀፎ ሚዛኑን 2 ግራም ገደማ ከጨመረ 30 ለ2 ሲካፈል 15 ይሆናል፤ 18 ካራት ወደዚያ ነው። 14 ካራት 13 አካባቢ፣ ናስ ደግሞ 8.5 አካባቢ ይወጣል። የተጣበቀ የአየር አረፋ ውጤቱን ዝቅ ስለሚያደርግ እያወዛወዙ ያራግፉት። ሚዛኑም የግራምን መቶኛ የሚያነብ፣ ወርቅ ቤት ያለው ዓይነት ይሁን።

ፊቱ ላይ ያለው ስም ከሁሉ ያነሰ ማስረጃ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሻጩ ስም ነውና። ክፍፍሉ ግን ብዙ ይናገራል። ከሰከንድ እስከ ሰከንድ አምስት ክፍል ካለ ማሽኑ በሰከንድ 5 ምት፣ በሰዓት 18,000 መምታት አለበት። ስልክዎን አስጠግተው ድምፁን 10 ሰከንድ ይቅዱና አዘግይተው ይቁጠሩ፤ 50 መውጣት አለበት። ፊቱ የሰከንድ አሥረኛ እያሳየ ማሽኑ 5 ብቻ ከመታ ፊቱ የሌላ ሰዓት ነው። ከ«30 ምት» ጋር የተያያዘ ክፍፍል ለሐኪም የልብ ትርታ መለኪያ ነው። የኪሎሜትር ክፍፍል በየ3 ሰከንዱ ገደማ አንድ የሚጨምር ከሆነ ደግሞ ድምፅ ከመጣበት ርቀት መለኪያ፣ የመድፈኛ ዕቃ ነው።

ትክክለኛው ትውልድ የሚነበበው ማሽኑ ላይ ነው። ባላንሱ (ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው መንኮራኩር) ሥር ትንሽ ምልክት ካለች በጥሩ ብርሃን ፎቶ ያንሷት፤ ክንፍ ያለው የአሸዋ ሰዓት የስዊሱ ሰዓት ፋብሪካ የሎንዥን ነው። መስቀልና ቁጥር የስዊስ ፓተንት (የፈጠራ መብት) ሲሆን ሀገሪቱ ፓተንት መስጠት የጀመረችው በ1888 ስለሆነ ማሽኑ ከዚያ አይቀድምም። የአሜሪካዎቹ ፋብሪካዎች ዋልተምና ኤልጂን ከሆነ ዓመቱን የሚያወጡት በማሽኑ ቁጥር እንጂ በቀፎው ቁጥር አይደለም። በአሜሪካ ገዢ ማሽኑንና ቀፎውን ሱቅ ውስጥ ለየብቻ ይመርጥ ስለነበር የስም መለያየት እዚያ ጉድለት አይባልም፤ በስዊስ ሰዓት ግን ያጠራጥራል።

ቁልፉን ለመሞከር በቀስታ ትንሽ ይሙሉትና አንዴ ሲጫኑ እንዲነሣ፣ ሁለተኛው እንዲያቆም፣ ሦስተኛው ወደ ዜሮ እንዲመልስ ይጠብቁ። ቆጣሪው ሁልጊዜ በአንድ የተሳሳተ ቦታ ከቆመ ከዘንጉ ላይ ተንሸራቷል፤ ሰዓት ሠሪ ቶሎ ያስተካክለዋል። በየጊዜው የተለያየ ቦታ ከቆመ ግን ወደ ዜሮ የምትመልሰው ልብ ቅርጽ ያላት ብረት ወይም የምትመታት መዶሻ ተበልታለች፤ ዋጋውን የሚያወርደው ይኼ ነው። ዘይቱ ለዓመታት የደረቀ ሰዓትን ሁለትና ሦስት ጊዜ ብቻ ሞክረው ይተዉት፤ የአዳማ አቧራ ከደረቀ ዘይት ጋር ዘንግ ይፈጫል።

ክዳኑ ላይ አንበሳ ወይም ዘውድ ከተቀረጸ ከቤተ መንግሥት የመጣ ነው ለማለት አይጣደፉ። በመነጽር ሲታይ የድሮው ጭረት በቅርጹ መስመር ላይ ተሻግሮ ካለፈና ጠርዙ ከተለሰለሰ ቅርጹ ከሰዓቱ ጋር ያረጀ ነው። መስመሩ ጭረቱን ቆርጦ ካለፈና ውስጡ የሚያበራ ከሆነ ግን ቅርጹ ዘግይቶ የተጨመረ ነው። ከማንኛውም ፖሊሽ በፊት ሁሉንም ማኅተም፣ ቁጥርና የማሽኑን ሙሉ ገጽ ፎቶ ያንሱ። ፖሊሽ ማኅተም ያጠፋል። ሎንዥን ከሆነ የማሽኑን ቁጥር ለፋብሪካው ይላኩ፤ በመዝገቡ ያለውን የሽያጭ ቀንና ዕቃው የተላከበትን አገር ሊነግርዎ ይችላል።