ዘሩ ደረሰ፣ በልጉ አለፈ፦ በትናንሽ የእርሻ ፕሮጀክቶች የማያቸው ስህተቶች

ሰሞኑን ከአንድ ጀማሪ ባለሙያ ጋር ወደ መንዝ እየሄድን ጣርማ በር ላይ ጉም ያዘን። መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለን እቅዱን አሳየኝ። "የበልግ ገብስ ዘር ስርጭት፦ ግንቦት" ይላል። ሳቄም ንዴቴም እኩል መጣ።

የበልግ ዝናብ የካቲት ገደማ ይጀምራል። ገበሬው ማሳውን አርሶ፣ ዘሩን ጎታ ውስጥ አስቀምጦ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ ነው የሚጠብቀው። የእኛ የፕሮጀክት ገንዘብ ደግሞ የፈረንጆች ዓመት ከገባ በኋላ ይለቀቃል። ከዚያ ጨረታ፣ ከዚያ ርክክብ፣ ከዚያ መኪና ፍለጋ። ሰነዱ ላይ "ዘር በወቅቱ ይቀርባል" ተብሎ ተጽፏል። በማን ወቅት?

ልጁን አልፈርድበትም፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። አይሱዙው ኩንታሉን ሲያራግፍ ሰዉ ከበቀለው ገብስ ውስጥ አረም እየነቀለ ነበር። አንዲት እናት ከተቀደደ ጆንያ እፍኝ ዘግነው አዩት። ዘሩ በመድኃኒት ታሽቶ ሮዝ ሆኗል። "ልጄ፣ ይህን ባትቀቡት እንኳ ለጠላ ይሆነን ነበር" አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ሰኔና ሐምሌ ጎታው ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ነው። ልጅ ሲርበው አጥቦ የሚፈጭ አይጠፋም፤ መድኃኒት የነካው ዘር ደግሞ ታጠበ ተብሎ አይበላም። በማግስቱ ቤት ለቤት እየዞርን ያደልነውን መልሰን ሰበሰብን። አስቡት፣ እርዳታ ሰጥቶ መልሶ መቀማት!

የበልግ ዘር ጥር ሳይገባ ቀበሌው መጋዘን ይደር። የዘንድሮው ገንዘብ ለዘንድሮ በልግ ካልደረሰ፣ ለመጪው በልግ ግዙበት። መድኃኒቱን ልታከፋፍሉ ስትሉ ቀቡት እንጂ አስቀድማችሁ አትቀቡት። ከማደላችሁ በፊትም 100 ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሉና ከሳምንት በኋላ ስንቱ እንደበቀለ እዩ። ይህችን ሥራ ማንም አይሠራትም።

ዶሮውም ያው የቀን ነገር ነው። የ45 ቀን ጫጩት ጥቅምት አጋማሽ ላይ አከፋፈላችሁ እንበል። በአምስት ወሯ አካባቢ እንቁላል ትጀምራለች። ቁጠሩት፤ የካቲት አካባቢ ነው። 55 ቀን የሚጾም አገር ላይ እንቁላሉን ማን ይግዛ? ሴትየዋ መኖ በብድር ገዝታ፣ እንቁላል ደርድራ ፋሲካን ትጠብቃለች። ታኅሣሥ ብትሰጡ ለፋሲካ ይደርሳል። (የደጋው ውርጭ ግን አደገኛ ነው፤ ለማደሪያው ገለባ በደንብ አስነጥፉ።) የፈንግል (ዶሮ የሚፈጀው በሽታ) ክትባት ይሰጥ ብዬ አልጨቀጭቃችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ስልጠናውን ግን ለባልየው ሰጥታችሁ አትሂዱ። ዶሮ የምትይዘው ሴቷ ናት፤ የእንቁላሉ ገንዘብም የጨው፣ የቡናና የደብተር ገንዘቧ ነው።

በሚካኤል ቀን መሬት የሚያስቆፍር ሠርቶ ማሳያ አትጥሩ። ስብሰባ ከሆነ ግን ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የተሻለ ቦታ የላችሁም።

የመንዝ በግ ትንሽ ነው ብላችሁ ትልቅ አውራ ከሩቅ አታምጡ። ብርዱንም የመኖ እጥረቱንም የሚችለው እሱ ነው። ገበሬዎቹ ከራሳቸው መንጋ ጥሩ ጥሩውን አውራ መርጠው በጋራ እንዲጠቀሙበት ማድረግ መንዝ ውስጥ የተሞከረ መንገድ ነው። ወጪውም ያንሳል።

አንድ እቅድ ጽፎ ለሁሉም ወረዳ መላክስ? ጅሩ ጥቁር አፈሩ ክረምት ላይ ውሃ ያቁራል፣ መንዝ ውርጭ አለ፣ ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው። ቆላ ላይ ለመስኖ የሰጣችሁት ፓምፕ ደግሞ መለዋወጫው ቅርብ ከተማ ካልተሸጠ የዶሮ ማደሪያ ነው። ዓይኔ አይቷል።

የመጨረሻው የሞዴል ገበሬ ነገር ነው። የእኛ ሞዴል ሁሌም አስፋልት ዳር ነው የሚኖረው። ለምን ሲባል፣ መኪናው እዚያ ስለሚቆም። እንግዳ በመጣ ቁጥር እሳቸው ጋ፤ ዘሩም፣ ስልጠናውም፣ አበሉም እሳቸው ጋ። ባለፈው ገና ከመኪና ሳንወርድ ስለ ኮምፖስት ማስረዳት ጀመሩ፤ ቃል በቃል ያምናው ንግግር ነው። እንግዶቹ ፎቶ ሲያነሱ እኔ ወደ ዳገቱ ወጣሁ። ሩብ ሰዓት አያስኬድም። አንዲት ሴት ባቄላ እየፈለፈለች ነበር።

"ስለ ፕሮጀክቱ ሰምተሻል?" አልኳት።

"የትኛው? የእነዚያ የታች ቤቶቹ?"