ከመጠቅለሉ በፊት ዓይኑን ሳቡት

ልደት ሊጀመር አሥር ደቂቃ የቀረው ሰው ሱቄ ሲገባ ገና ከበሩ አውቀዋለሁ። መደርደሪያውን አያይም፤ ሰዓቱን ነው የሚያየው። «ለልጅ የሚሆን ነገር ስጪኝ፣ ትልቅ ይሁን» ይላል። «ስንት ዓመቷ ነው?» ስለው «ትንሽ ናት፣ መሄድ ግን ጀምራለች» ይለኛል። ትልቅ ይሁን ያለው ለልጅቷ ብሎ አይደለም፤ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ለሰው እንዲታይ ነው። መጫወቻ ስሸጥ ይኸው ዘጠነኛ ዓመቴ፣ ሁለት ልጆችም አሳድጌያለሁ። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላለ ልጅ የሚገዛው የገዛ ዘመዴ ቢሆን የምነግረውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ካርቶኑን አዙሩት። ቀይ ክብ፣ ውስጡ የሕፃን ፊትና 0-3 የሚል ቁጥር፣ በላዩ ላይ ሰያፍ ቀይ መስመር ያለው ምልክት ብዙ ጊዜ ታገኛላችሁ። ስንቱ ደንበኛ ጣቱን እዚያው ላይ አሳርፎ «ይኸው፣ ከዜሮ እስከ ሦስት ይላል፣ ለእሱ ልክ ነው» ብሎኛል መሰላችሁ! ነገሩ ተቃራኒው ነው። መስመሩ ክልከላ ነው፤ ሦስት ዓመት ላልሞላው አይሰጥ ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚዋጥ ትንሽ ነገር ስላለበት። ይህን ስነግራቸው «የእኛ ልጅ እኮ ብልጥ ነው፣ ከዕድሜው ይቀድማል» የሚሉኝ አሉ። ብልጠቱ ጉሮሮውን አያሰፋውም።

በፌስታል ብቻ የሚመጣ፣ ምንም ያልተጻፈበት መጫወቻ ደግሞ ገበያውን ሞልቶታል። ለእሱ መሳቢያዬ ውስጥ የሶፍት ጥቅል ሲያልቅ መሐሉ የሚቀረውን ካርቶን አስቀምጣለሁ። በዚያ ውስጥ የሚያልፍ ዕቃ ሁሉ ለዚህ ዕድሜ ልጅ አይሆንም። ለሦስት ዓመት በታች የሚሠሩ መጫወቻዎች የሚፈተሹበት መለኪያ ስፋቱ 32 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የሶፍቱ ካርቶን ከዚያ ትንሽ ይሰፋል፣ ቢሰፋ ደግሞ ይሻላል።

ቀጥሎ ዓይኑን ሳቡት። የድቡን፣ የአሻንጉሊቱን፣ የውሻውን ዓይን በጥፍራችሁ ይዛችሁ፣ እዚያው ሻጩ ፊት። ሻጩ ቢያኮርፍ ያኩርፍ። እኔ ይህን የተማርኩት ከራሴ መደርደሪያ በወሰድኩት ድብ ነው። ትንሹ ልጄ ዓመት ከስድስት ወሩ ነበር። ቡና ልቆላ ጓዳ ገብቼ ሳለሁ ቤቱ ጸጥ አለብኝ፤ የዚያ ዕድሜ ልጅ ዝም ካለ ወይ ተኝቷል ወይ የሆነ ነገር እያጠፋ ነው። ብወጣ አንድ ጉንጩ አበጥ ብሎ ድቡን አቅፎ ተቀምጧል። ድቡ አንድ ዓይና ሆኗል። ደግነቱ ስቆ አፉን ሲከፍትልኝ ጥቁሩ ፕላስቲክ ጉንጩ ሥር ይታይ ነበርና አወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ዓይኑ በክር የተጠለፈ ካልሆነ ለትንሽ ልጅ አልሸጥም። አፍንጫውን፣ ቁልፉን፣ የመኪናውን ጎማም እንደዚያው ሳቡ። ገመድ ካለው ከ30 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ አንገት ላይ ይጠመጠማል።

መብራትና ድምፅ ያለው ከሆነ የባትሪ ድንጋዩ ቤት በብሎን መዘጋቱን እዩ፤ ያለ ካቻቪቴ በጣት የሚከፈት ከሆነ መልሱት። በተለይ ዝርግ የሆነችውን፣ የሰዓት ባትሪ የምንላትን ፍሩ። 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ባትሪ የልጅ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረች በኤሌክትሪኳ ሥጋውን ማቃጠል ትጀምራለች፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ጉዳት ታደርሳለች። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በሰገራ ይወጣል ብሎ መጠበቅ የለም፣ ሩጫ ወደ ሆስፒታል ነው። ትንንሽ ማግኔቶችም እንደዚያው ናቸው፦ ሁለት ከተዋጡ አንጀት መሐል አድርገው ይሳሳቡና ይበሱታል። ፊኛ ለልደት ግድ ከሆነ ሲፈነዳ ቁራጩን ወዲያው ልቀሙ።

ዎከር፣ ያ ሕፃን ውስጡ ሆኖ በእግሩ የሚገፋው ባለ ጎማ፣ ፈልጎ የሚመጣ ሰው አላጣም። «ቶሎ እንዲሄድ» ይላሉ። አያስኬድም፤ ደረጃ ያለበት ቤት ውስጥ ደግሞ ልጁን ከነጎማው ይዞት ይወርዳል። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ መሸጡን ከልክላለች። እኔ ማምጣት ካቆምኩ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ደንበኛው ከጎኔ ካለው ሱቅ ይገዛል፣ ምን ላድርግ።

እና ምን እንግዛ? ለዓመት ከምናምን ልጅ የሚገባና የሚወጣ ነገር። ቅርጫት ውስጥ ከቶ ይደፋል፣ እንደገና ይከታል፤ ሥራው ይኼ ነው። እኔ ከመደብሬ ዕቃ ይልቅ የምመክረው ሰፈር ያለውን አናጺ ነው። የዋንዛ ቁራጭ ካለው አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ በልጅ እጅ ልክ፣ አምስት አምስት ሳንቲ ሜትር አስቆርጡት። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ ያስሽላችሁ፤ ጉንጫችሁ ላይ ስታሹት ካልጫረ ደርሷል። ቀለምም ቫርኒሽም አይቀባ፣ አፍ መግባቱ አይቀርምና። ቺፑድ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፤ ለሃጭ ሲነካው ያብጥና ይፈረፈራል።

ሁለት ዓመት ሲጠጋ ዕቃቃ ይጀምራል። ያኔ የማይሰበር ጀበናና አራት ስኒ ከምንም ይበልጣል። «የወንድ ነው የሴት?» አትበሉኝ። የእኔው ወንዱ ልጅ አቦል ማለት አቅቶት «አቦ፣ አቦ» እያለ በባዶ ስኒ ጎረቤቱን ሁሉ ሲያጠጣ ከርሟል፤ አንዷ ጎረቤታችን በረካውን ሳትጠጣ ከተነሳች ያለቅስ ነበር። የጨርቅ አሻንጉሊትም ያው ነው፤ በነጠላ አዝሎ እሹሩሩ ይላል። የጨርቅ ኳስ፣ ገጹ ወፍራም ካርቶን የሆነ የሥዕል መጽሐፍ፣ ለዚህ ዕድሜ በቂ ነው።

ውጭ ያላችሁ ዘመዶች፣ የሚያወራ ታብሌት ይዛችሁ ለመምጣት አትቸኩሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለአንድ ዓመት ልጅ ስክሪን ጨርሶ አይመክርም፣ ለሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት አይለፍ ይላል። ከአሜሪካ በቻርጀር የሚሠራ ነገር ካመጣችሁም ቻርጀሩ ላይ 100-240 የሚል ካልተጻፈ፣ የእዚያው 120 ቮልት ብቻ ከሆነ፣ የእኛ 220 ያቃጥለዋል። ሁለት የተቃጠሉ ይዘውልኝ መጥተዋል፣ ልትጠግኚው ትችያለሽ ወይ ብለው።

ከመግዛታችሁ በፊት ለእናቱ ደውሉ። ደብቆ ማስደነቅ ለትልቅ ሰው ነው። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የሚነዳ መኪና የት ይነዳል? ልብስ ካላችሁም አንድ ቁጥር ከፍ አድርጉ። የሚጮኸውን ነገር ደግሞ ጆሯችሁ ሥር አስጩኹት፣ ልጁ የሚይዘው እዚያ ነውና፤ እናንተን ካማረራችሁ አትግዙ።

ከእኔ የገዛችሁትን እናቱ ካልወደደችው እስከ እሑድ እቀይራለሁ። ከበሮ ግን አልመልስም፤ እኔም ጎረቤት አለኝ።