ሰው ሲያዝ መጀመሪያ ሰዓቱን ጻፉ

ቅዳሜ ጠዋት መርካቶ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ እንቀመጣለን። አንድ ጠረጴዛ፣ አራት ወንበር፣ አንድ ባለ መስመር ደብተር አለን። የሰፈራችን የመብት ቡድን ይኼው ነው። አንዳችንም ጠበቃ አይደለንም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሌሎቹ አንድ አስተማሪ፣ አንድ ባለሱቅና አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ልጇ ወይም ባሏ የተያዘባት ሴት ስትመጣ አስቀምጠን እንሰማለን። የሰማነውን ሳንጨምር ሳንቀንስ እንጽፋለን። ከዚያ አብረናት ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን። በየሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ነገር ልትጀምሩ የምታስቡ ካላችሁ አሠራራችንን ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ሰዓት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አለው ይላል። የማይቆጠረው ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚፈጀው የመንገድ ጊዜ ብቻ ነው። መርካቶ ለተያዘ ሰው ደግሞ መንገድ ምክንያት አይሆንም። ስለዚህ ቆጠራው ከየት እንደሚጀምር በወረቀት የያዘ ቤተሰብ የሚከራከርበት ነገር አለው።

ይህን የተማርኩት በታናሽ ወንድሜ ነው። ሲወስዱት አጠገቡ ነበርኩ። ምግብ አመላለስኩ፣ አለቀስኩ፣ ዘመድ ጠራሁ። ሰዓቱን ግን አልጻፍኩም። ችሎት ላይ መቼ እንደተያዘ ስጠየቅ «ረቡዕ ይመስለኛል» አልኩ። የቀረበው ወረቀት ሐሙስ ማታ ይላል። «ይመስለኛል» ወረቀት ፊት አይቆምም። ያቺ ቃል እስካሁን ታንገበግበኛለች።

ግን «ስንት ሰዓት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። የደነገጠ ሰው ሰዓት አያስታውስም፤ ነገር ግን በዙሪያው የነበረውን ያስታውሳል። አንዲት እናት ጋሪ የሚገፋ ልጃቸው ማክሰኞ እንደተያዘ ሊነግሩን መጡ። «ቀን ነው» ከማለት በቀር ሌላ የሚሉት አልነበራቸውም።

«እማማ፣ ምሳ በልቶ ነበር?» አልኳቸው።

«ኧረ የት! ሽሮው ገና እሳት ላይ ነበር።»

«ከአንዋር የዙሁር አዛን ሰምተው ነበር?»

«ገና ነው። አዛኑ ያለው እኔ እየሮጥኩ ስደርስ ነው።»

«መያዙን ማን ነገረዎት?»

«ጓደኛው ደወለልኝ።»

ስልካቸውን ተቀብለን የጥሪ ዝርዝሩን አየን። 11፡52 ይላል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። የብዙ ሰው ስልክ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሠራው። 11፡52 የተባለው በእኛ ከቀኑ 5፡52 ነው። ዝም ብላችሁ «11፡52» ብላችሁ ብትጽፉት ያነበበው ሰው ወደ ማታ ይወስደዋል፤ ስድስት ሰዓት ያለምንም ጸብ ጠፋ ማለት ነው። እኛ ሁልጊዜ እንዲህ እንጽፋለን፦ «ከቀኑ 5፡52 በኢትዮጵያ፣ ስልኩ ላይ 11፡52»። ያንን የስልክ ገጽ ፎቶ እናነሳለን። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር እናሰፍራለን።

በራጉኤል በኩል ያሉት ሰዎች ደግሞ በቅዳሴ ያስታውሳሉ። ሌላው በዳቦ ቤት ሰልፍ፣ ሌላው በልጆች ከትምህርት ቤት መውጫ። የሰፈራችሁን ድምፅ እወቁት። ሰው የሚያስታውሰው በዚያ ነው።

ስትጽፉ የሰውዬውን ቃል አትቀይሩ። «ወሰዱት» ካለች «ወሰዱት» ነው። «አፈኑት» ብላችሁ አታሻሽሉላት። ገጹን ለሁለት እንከፍላለን። በአንድ በኩል በዓይኗ ያየችው፣ በሌላው ከሰው የሰማችው። በዓይኗ ያየች ሌላ ሰው ካለች እሷንም እንድትመጣ እንጠይቃለን። ጽፈን ስንጨርስ ጮክ ብለን እናነብላታለን። ታርማለች፣ ትፈርማለች፤ መጻፍ የማትችል በጣቷ ትፈርማለች። አንድ ቅጂ ለራሷ ነው። የልደት ካርድም ይሁን መታወቂያ ዋናውን ተቀብላችሁ አታስቀሩ። ፎቶ አንስታችሁ መልሱ።

ለማን ማሳየት እንደምንችል የምትወስነው እሷ ናት። ለጠበቃ ብቻ ካለች ለጠበቃ ብቻ። ደብተሩ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ስሞቹ ያሉበት ወረቀት ሌላ ቦታ ተቆልፎበት ነው የሚቀመጠው። ቡና ላይ የአንድን ቤተሰብ ጉዳይ ያወራ አባል እኛ ጋ አይቀጥልም። ገንዘብም አንነካም፣ የታክሲ እንኳ ቢሆን። «በዚህን ያህል ብር አስፈታለሁ» የሚል ደላላ እነዚህን እናቶች እየዞረ ስለሚያያቸው ከእሱ ጋር ፈጽሞ መመሳሰል የለብንም።

ጣቢያ ስትሄዱ ሁለት ሁኑ። አንዱ ይናገር፣ አንዱ ያዳምጥ። ሰላምታ ሰጥታችሁ ተረኛውን ጠይቁ፦ እዚህ አለ ወይ፣ በምን ተጠርጥሮ ነው፣ መርማሪው ማን ነው፣ ፍርድ ቤት መቼ ይቀርባል። አትጩኹ። አንቀጽ 21 የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ወዳጅ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪምና ጠበቃ እንዲጎበኙት ይፈቅዳል፤ አንቀጹን በቃላችሁ ያዙት። ከወጣችሁ በኋላ በሩ ላይ ሳይሆን ራቅ ብላችሁ የተባለውን ጻፉ፤ ማን እንደመለሰላችሁና ስንት ሰዓት እንደሆነ ጭምር። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሆነ ነርሳችን ሁልጊዜ የሚሉትን ልድገመው፦ ከነማሸጊያው፣ ከሐኪሙ ወረቀት ጋር ላኩ። በላስቲክ የተቋጠረ እንክብል ሊመለስባችሁ ይችላል።

ልጁን ካገኛችሁት ሁለት ነገር ብቻ ንገሩት። ዝም የማለት መብት አለህ፣ ያላነበብከውን አትፈርም። የቀረው ጊዜ ለእናቱ ነው።

48 ሰዓቱ ካለፈና ካልቀረበ ጠበቃ ያስፈልጋል። ፍርድ ቤት የአካል ነፃነቱን እንዲያስከብርለት የመጠየቅ መብቱ እዚያው አንቀጽ 19 ላይ አለ፤ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ የሚባለው ነው። ለጠበቃ መክፈል ለማይችል የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። ለሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። ሰው ኢሰመኮንና (የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን) ኢሰመጉን (የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ) ያደባልቃል። ኢሰመኮ በአዋጅ ቁጥር 210/1992 የተቋቋመ የመንግሥት ኮሚሽን ነው። ኢሰመጉ በ1984 ዓ.ም. ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና ባልደረቦቻቸው የመሠረቱት የሲቪል ድርጅት ነው። ለሁለቱም ማመልከት ይቻላል። የትም ብትሄዱ ግን መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ያንኑ ነው፦ ማን፣ የት፣ መቼ።

አንድ ነገር ቃል አትግቡ። «እናስፈታዋለን» አይባልም። እኛ የምንለው «እስከ ማክሰኞ ይህን እናደርጋለን፣ ማክሰኞ እንደውልልዎታለን» ነው። ማክሰኞ ምንም አዲስ ነገር ባይኖርም እንደውላለን። ሳይደወልላት የቀረች እናት ሌላ ጊዜ አትመጣም፤ እውነቷንም ነው።

ሲፈታም ደብተሩ አይዘጋም። መታወቂያው ተመልሶለታል? ስልኩስ? የዋስትና ደረሰኙ የት አለ? የእማማ ልጅ በሦስተኛው ቀን ወጣ፤ ጋሪው ግን የለም። ያለ ጋሪ ደግሞ እንጀራ የለም። ማመልከቻ ጻፍንለት። ጎማው አዲስ መሆኑን፣ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ መጠምጠሙን ሳይቀር አሰፈርን። አራት ጊዜ ተመላለስን። በአራተኛው ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት መሃል በቀዩ ጨርቅ ለይቶ አወጣው።