ተደባዳቢውን ትታችሁ ተመልካቹን አስተምሩ

ደሴ ውስጥ የሰባተኛ ክፍል ስም ጠሪ መምህር ነኝ። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ግቢውን በሸፈነበት ጠዋት፣ ሰልፍ ላይ ስለ ሰላም ንግግር ብታደርጉ የሚሰማችሁ የለም። ልጁ የሚያስበው መቼ ክፍል እንደሚገባ ነው።

ይልቅ ከአደባዳቢው ጀምሩ። ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለት ልጆች ይኮራረፋሉ፤ ሦስተኛው አፈር ሁለት ቦታ ይከምርና «ይሄ የእናትህ ጡት፣ ያ የእናቱ ጡት» ይላል። አንዱ የሌላውን ክምር በእግሩ ከበተነ አለቀ፣ ቡጢ ነው። ዙሪያውን የከበበው ደግሞ «በለው!» ይላል። ሁለቱ ልጆች እኮ ብዙ ጊዜ መደባደብ አያምራቸውም። «ፈሪ» መባልን ነው የሚፈሩት።

ይህንኑ ክፍል ውስጥ አሠሩት። ወለሉ ላይ በጠመኔ ሁለት ክብ ሥሩ፣ ሁለት ልጆች አቁሙ፣ ከዚያ ወደተቀመጡት ዙሩና «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» በሉ። መጀመሪያ ይስቃሉ። ይሳቁ። «ተዉ» የሚለው ብቻውን አይሠራም። «ቲቸር መጣች» ይሠራል፣ ግን እስክሄድ ድረስ ነው። እስካሁን የተሻለው «ና፣ ኳስ ሰው ጎድሎናል» የሚለው ነው፤ ልጁ ሳያፍር የሚወጣበት በር ይከፍትለታል። እያንዳንዱ ልጅ ጮክ ብሎ ይለማመደው።

ጥሉ ካለፈ በኋላ ሽምግልና ይምጣ። ወሎ አበጋር አለው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ተቀምጦ ደም የሚያደርቅበት ሥርዓት ነው። ልጆቹ ከቤት ስለሚያውቁት ማብራራት አያስፈልግም። ክፍሉ ሦስት ሽማግሌ ይምረጥ፣ በየወሩ ይቀያየሩ። ሴት ልጆች ይኑሩበት። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። መጨረሻ ላይ የተበደለው «ምን ቢደረግልህ ይበቃሃል?» ተብሎ ይጠየቅ። ደብተር የቀደደ ልጅ ኖቱን በእጁ ገልብጦ ይመልስ። «በሉ ተቃቀፉ» ብላችሁ ግን አታስገድዱ፤ የግዳጅ እቅፍ በረፍት ሰዓት ይፈርሳል።

ስለት የተያዘበት፣ ሴት ልጅ የተተነኮሰችበት፣ ወይም አንድ ልጅ ላይ በየቀኑ የሚደርስ በደል ለልጆች ሽምግልና አይሰጥም። ርዕሰ መምህሩና ወላጅ ጋ ይሂድ።

መግረፊያውን ጎማም አስቀምጡት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በዚያ ላይ ገርፋችሁ «አትማቱ» ብትሉ ልጆቹ ይስቁባችኋል።

በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ የዛሬዎቹ ተማሪዎች ትንንሽ ነበሩ። እንጨት እንደ ክላሽ ይዘው ሲጫወቱ ብታዩ ወዲያው አትቆጡ። ቡድኑ እንዴት እንደተከፈለ እዩ። በሃይማኖት ወይም በብሔር ከሆነ፣ ተፈናቅለው የመጡት ልጆችም ሁልጊዜ «ጠላት» የሚደረጉ ከሆነ፣ በነጋታው መቀመጫቸውን አቀላቅሉ፤ የቡድን ሥራም አብረው ይሥሩ።

የሚከብደው ወላጅ ነው። ካርድ መስጫ ቀን አንዱ አባት «ከመቱህ ምታ ብዬዋለሁ» ይላችኋል። አትከራከሩት። «ጋሼ፣ የክፍላችን ልጆች ሽምግልና እየተማሩ ነው፤ አንድ ቀን መጥተው ቢያሳዩልን?» በሉት። እንዲህ ተጠይቆ እምቢ የሚል የወሎ አባት ብዙም አልገጠመኝም። ሲመጣ ልጁን ከፊት አስቀምጡት።