ኢንሹራንስ የሌለው ሾፌር ቢገጫችሁስ? ለሞተር በቂ ሽፋን እንዴት ይመረጣል

መብራቱ አረንጓዴ ነው፤ ሞተራችሁን ይዛችሁ ቀጥ ብላችሁ እያለፋችሁ ነው። ከፊት የመጣ መኪና ሳያያችሁ ወደ ግራ ይታጠፋል። መኪናው ትንሽ ይጫራል፣ የእናንተ እግር ይሰበራል። ፖሊስ ሲመጣ ሾፌሩ ኢንሹራንስ የለውም። አሜሪካ ውስጥ ሞተር የምትነዱ ሁሉ ለዚህ ቀን አስቀድማችሁ እንድትዘጋጁ እፈልጋለሁ።

"ኢንሹራንስማ አለኝ" ብላችሁ አትዘናጉ። ሕግ የሚያስገድደው የሶስተኛ ወገን ሽፋን እናንተ ለጎዳችሁት ሰው ነው የሚከፍለው። ለእናንተ የሚደርስላችሁ "ኢንሹራንስ የሌለው አሽከርካሪ" (uninsured motorist) የሚባለው ሽፋን ነው።

መጀመሪያ ውላችሁን አውጡና ሽፋኖቹ የተዘረዘሩበትን ገጽ ፈልጉ። ይህ ሽፋን እዚያ ከሌለ፣ ስትዋዋሉ "አልፈልግም" የሚል ወረቀት ፈርማችሁ ይሆናል። ለምሳሌ ቴክሳስ ውስጥ ሽፋኑ የሚቀረው ደንበኛው በጽሑፍ እምቢ ሲል ነው።

ቀጥሎ ቁጥሩን እዩ። 30/60 ማለት ለአንድ ሰው እስከ 30,000 ዶላር፣ በአደጋው ለተጎዱት ሁሉ በድምሩ እስከ 60,000 ዶላር ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ የሚሳሳተው የሞተሩን ዋጋ እያሰበ ነው። ሞተሩን ለጊዜው እርሱት፤ ስለ ገላችሁ አስቡ። እስክሪብቶ ያዙ። በወር 4,000 ዶላር የሚያገኝ ሰው ስድስት ወር ከሥራ ቢቀር 24,000 ዶላር ያጣል። የጤና ኢንሹራንስ ደግሞ የቀረ ደሞዝ አይከፍልም። ከ30,000ው የተረፈው 6,000 ብቻ ነው፤ ከኪስ የሚወጣው የሆስፒታል ክፍያና ፊዚዮቴራፒው ገና አልተነካም። ስለዚህ አቅማችሁ ከፈቀደ 100/300 መነሻ ይሁን እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሽፋን ከሶስተኛ ወገን ሽፋናችሁ መብለጥ ስለማይችል፣ ያንንም አብራችሁ ማሳደግ ሊኖርባችሁ ይችላል።

ኢንሹራንስ ያለው ግን የማይበቃው ሾፌርም አለ። ካሊፎርኒያ ሕግ የሚያስገድደውን ዝቅተኛ የሶስተኛ ወገን ሽፋን ከ15/30 ወደ 30/60 ያሳደገችው በ2025 ነው፤ ይህም ቢሆን ለከባድ ስብራት አይበቃም። ለዚህ ክፍተት የሚሆነው "በቂ ኢንሹራንስ የሌለው አሽከርካሪ" (underinsured motorist) የሚባለው ሽፋን ነው። በአንዳንድ ግዛቶች ለብቻው ስለሚሸጥ አብሮ መካተቱን ጠይቁ።

ፍሎሪዳ ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። መኪና ላይ ጥፋተኛው ማንም ይሁን ማን ለሕክምና የሚከፍለው የ10,000 ዶላር ሽፋን እዚያ ለሞተር አይሠራም።

ከመፈረማችሁ በፊት ወኪሉን እነዚህን ጠይቁት፤ መልሱንም በጽሑፍ ይስጣችሁ። መኪና ሳይነካኝ አስደንግጦ ቢጥለኝና ቢያመልጥ ትከፍላላችሁ? (አንዳንድ ቦታ ንክኪ ከሌለ ክፍያ የለም።) መኪናዬ ላይ ያለው ሽፋን ሞተሬን ስነዳ ይሠራል? ብዙ ውል ይህን ይከለክላል። ሞተሩ ራሱ፣ ሄልሜቱና ጃኬቱስ በየትኛው ሽፋን ይተካሉ?

አደጋው ከደረሰ ደግሞ የገጫችሁ ሰው ኢንሹራንስ "ይህን ወስደህ ጨርስ" ብሎ ወረቀት ቢያቀርብ ቶሎ አትፈርሙ። ቀድማችሁ ለራሳችሁ ኢንሹራንስ አሳውቁና ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ያለዚያ ዓመታት የከፈላችሁበትን ሽፋን ልታጡት ትችላላችሁ።