በጣና ዳር የገጠር ቤተ ክርስቲያን አተካከል፦ ከፈቃዱ እስከ ምርጊቱ

በጣና ዳር የሚተከልን ቤተ ክርስቲያን ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ውሃ ነው፤ ከሥር የሐይቁ ሙላት፣ ከላይ የክዳኑ ጠፈጠፍ። የሥራው ቅደም ተከተል አብዛኛው ይህንን ለመከላከል ነው።

ከድንጋይ በፊት ግን ወረቀት ይቀድማል። በፍትሐ ነገሥት መሠረት ያለ ኤጲስ ቆጶስ ፈቃድ ቤተ ክርስቲያን አይታነጽም። ምእመናኑ የተፈራረሙበትን ማመልከቻ ለወረዳው ቤተ ክህነት ያቀርባሉ፤ ከዚያ ወደ ሀገረ ስብከቱ ያልፋል። የአባወራውን ብዛት፣ እስከ ቅርቡ ደብር ያለውን የእግር መንገድ፣ የመሬቱን ማረጋገጫና ካህናቱ በምን እንደሚተዳደሩ ጻፉበት። የመጨረሻውን የሚዘነጋ ብዙ ነው። ቅዳሴ ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት ይፈልጋል፤ አምስት አገልጋይ በየሳምንቱ ከሩቅ እየተለመነ አይዘለቅም።

ታቦቱን በሜሮን የሚባርኩት ጳጳሱ ናቸው። ሕንፃው እስኪያልቅ በመቃኞ፣ ማለትም በጊዜያዊው ቤተ ክርስቲያን፣ ይቆያል። መቃኞውን ዋናው ሕንፃ ከሚያርፍበት ክብ ውጭ ሥሩት፤ አለዚያ ሥራው ሲጀመር መቃኞው ይፈርስና ታቦቱ ማደሪያ ያጣል።

ቦታውን በግንቦት አይታችሁ አትወስኑ። ሐይቁ የሚጎድለው ያኔ ነው፤ የሚሞላው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። የጥቅምቱን የውሃ ጠርዝ በችካል አመልክቱና ከዚያ ቢያንስ ሁለት ሜትር ከፍ ያለ ጉብታ ምረጡ። ዋልካ፣ ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ እሱን አልፎ ጠጣር እስኪገኝ ይቆፈር። ጥቁር ድንጋይ በአካባቢው ሞልቷል፤ ግንቡ ከመሬት በላይ ግማሽ ሜትር ይውጣ።

ምሥራቅን ፀሐይ ስትወጣ አይቶ መወሰን ያሳስታል። ፀሐይ በቀጥታ ከምሥራቅ የምትወጣው በመስከረምና በመጋቢት 12 አካባቢ ብቻ ነው፤ በሰኔ አጋማሽ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ወደ ደቡብ 24 ዲግሪ ያህል ትርቃለች። ይልቅ ደልዳላ መሬት ላይ ዘንግ አቁሙ። ረፋድ ላይ የጥላው ጫፍ ያረፈበት ላይ ጠጠር አኑሩ፤ በዚያው ርዝመት ዘንጉን መሃል አድርጋችሁ በገመድ ክብ አስምሩ። ከቀትር በኋላ ጥላው ክቡን ዳግም ሲነካ ሁለተኛ ጠጠር አኑሩ። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የተሳበው መስመር ምሥራቅን ያመለክታል።

ልኬቱ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ታቦቱ የሚያድርበት መቅደስ አራት ማዕዘን፣ እሱን የሚከብቡት ቅድስቱ (የሚቆረብበት) እና ቅኔ ማኅሌቱ (የሚዘመርበት የውጭው ክፍል) ክብ በመሆናቸው ነው። የመቅደሱ ጎን 6 ሜትር ቢሆን ከመሃል እስከ ጎኑ 3 ሜትር፣ እስከ ማዕዘኑ ግን 4.24 ሜትር ነው። ከጎኑ ብቻ የለካ ማዕዘኑ ጋ መተላለፊያ ያጣል፤ ለቁርባን የተሰለፈው ሕዝብ እዚያ ይታነቃል። ስለዚህ ከመሃል የሚሳበውን የቅድስቱን ገመድ 6.25፣ የቅኔ ማኅሌቱን 8.75 ሜትር አድርጉ፤ የግድግዳው ውፍረት ለብቻ ይታሰብ። የውጭው ዙሪያ 55 ሜትር ይሆናል። የምዕራብ፣ የሰሜንና የደቡብ በሮች ተቀንሰው በየግማሽ ሜትሩ ቋሚ ቢቆም መቶ ያህል እንጨት ይበቃል። ጥድ ወይም ወይራ ይሁን። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፤ ለምስጥ ግን ድግስ ነው። የሚቀበረውን ጫፍ በእሳት ለብልቡት፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ቀቡት።

ማገሩ እንደተመታ ክዳኑ ይቅደም፤ ጭቃው ከሥሩ ይለጠፋል። ሣር ከሆነ ጣሪያው 45 ዲግሪ ያህል ይቁም፤ ከዚያ ከተኛ ውሃ ያዝላል። ቆርቆሮ በሾጣጣ ጣሪያ ላይ እየተቆረጠ ብዙ ይባክናል፣ በዝናብም ቅዳሴውን ያደነቁራል፤ ቢሆንም ሣር የሚከድን ባለሙያ ካልተገኘ ቆርቆሮ ይሻላል። ጠርዙ ከግድግዳው አንድ ሜትር ይውጣ።

ለምርጊቱ ቀይ አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር ሁለት ሳምንት ያህል እየረጠበና እየተረገጠ ይቡካ። ከዚያ እፍኝ ጭቃ ድቡልቡል አድርጋችሁ ከደረት ከፍታ ጣሉት፦ ከተበተነ ገና ይረገጥ፤ እንደ ቂጣ ከተነጠፈ ውሃው በዝቷል። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ይሰነጠቅ፤ ሁለተኛው የሚይዘው በዚያ ስንጥቅ ነው።

በጣና ገዳማት የመቅደሱ ሥዕል የሚሣለው ግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። ጨርቁን ከመለጠፋችሁ በፊት አንድ ክረምት አሳልፉ፤ ጣሪያው የት እንደሚያፈስ ያን ጊዜ ይታያል።