ለሥጋ ስታዳቅሉ ከኮርማው በፊት እናቲቱን እዩ

ባሕር ዳር ዙሪያ ለሥጋ ከብት ማዳቀል ያሰበ ሁሉ ጥያቄው ስለ ኮርማ ነው። መነሻው ግን እናቲቱ ናት፤ የጣና ዳርን ረግረግና ዝንብ የለመደችውን የፎገራ ላም ያዙ።

የመጀመሪያዋን ለምትወልድ ጊደር አንገስ የተባለው የውጭ የሥጋ ዘር ይሻላል፤ ጥጃው ሲወለድ አነስ ስለሚል ምጡ ይቀላል። ሲመንታል የተባለው ግዙፍ የውጭ ዘር ሁለት ሦስቴ ለወለደች፣ ዳሌዋ ሰፊ ለሆነች ላም ይሁን። ሻሮሌ የተባለውን ከባድ የሥጋ ዘር ጊደር ላይ አትሞክሩ፦ የጥጃው ትከሻ መውጫው ላይ ይቀረቀርና እናትም ጥጃም ሊጠፉ ይችላሉ። ሆልስታይን የወተት ዘር ነው፤ ወንዱ ቁመት ያወጣል እንጂ ሥጋ ቶሎ አይሞላም።

ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ የታየችውን ማታ፣ ማታ የታየችውን በማግስቱ ጠዋት አስዳቅሉ።

በድቅሉ ውስጥ ያለውን የውጭ ዘር ደም 50 በመቶ ላይ አቁሙ። ከዚያ ሲያልፍ መኖና ሕክምናው ይከብዳል፤ ረግረግ ላይ ከለቀቃችሁትማ የጉበት ትል አለ። ድቅሉን ወንድ አድልባችሁ ሽጡ፣ አባት አታድርጉት፤ ድቅል ከድቅል ሲገናኝ የመጀመሪያው ትውልድ ከመዳቀሉ ያገኘው ተጨማሪ ብርታት በግማሽ ይቀንሳል፣ ጥጃዎቹም አንድ ዓይነት አይወጡም። ለመተኪያ እናት የሚሆኑ ጥቂት ላሞችን በንጹሕ የፎገራ ኮርማ አስጠቁ።

በሬውን መጀመሪያ ልታርሱበት ከሆነ ደግሞ ሻኛውን አስቡ፤ የድቅል ሻኛ አነስተኛ ስለሆነ ቀንበር ያንሸራትታል።